በቸርኬና በድንጋይ መካከል ያለው ላስቲክ

ጎንደር ላይ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ሲታጠፉ መንገዱ ብዙ ጊዜ ኮብልስቶን ይሆናል። አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጠርዝ አለ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል፤ ጠርዙም ከዓመት ዓመት እየገጠጠ ይሄዳል። ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ቪትዝ ይህን ጠርዝ ግጭ አድርጋው ታልፋለች። ቸርኬዋ 17፣ ጎማዋ ስስ የሆነ ትንሽ ፈጣን መኪና ግን በዚያው ፍጥነት ካለፈች፣ ጎኑ ያበጠ ጎማ ይዛ ልትወጣ ትችላለች።

ጎማ ሲቀየር ስለ ብራንድ፣ ስለ ስፋት፣ ስለ ጥርሱ ማማር ብዙ ይወራል። እኔ ግን ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና ጎንደር ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ላስቲክ አለ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርትን ምሳሌ ላድርግ። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን፣ የፊት ጎማዎቿ የሚነዱ ትንሽ መኪና ናት። በፈረንጆች 2005 የወጣችው 195/50አር16 ጎማ ነበራት፤ ቀጥለው የመጡት ሁለቱ ትውልዶች ወደ 195/45አር17 ሄዱ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው፤ ማለትም 88 ሚሊ ሜትር ገደማ። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 88 ሚሊ ሜትር ብዙ ይመስላል፤ ግን የቸርኬው ከንፈር 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ስለሚወጣ 71 ብቻ ይቀራል። ከዚያ ላይ ደግሞ የመኪናዋ ክብደት ጎማውን ወደ ታች ይጫነዋል። ጉድጓድ ሲገኝ በብረትና በድንጋይ መካከል የሚቀረው ከአራት ጣት ስፋት አይበልጥም።

ያ ቦታ ሲያልቅ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የጎማው ጎን በቸርኬው ከንፈርና በድንጋዩ መካከል ይቀረቀርና በውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ። ላስቲኩ ራሱ ሳይቀደድ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ነፋስ አይወጣም፣ ሹፌሩም ምንም አልሆነም ብሎ ይነዳል። በኋላ ግን ክር በሌለበት ቦታ አየሩ ላስቲኩን ገፍቶ እባጭ ያወጣል። እባጭ በፓችም ሆነ በሌላ ነገር አይጠገንም፤ ጎማው አብቅቶለታል። አደጋው እባጩ በፍጥነት መሀል መፈንዳቱ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ከወለቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከሆነ ወዴት እንደሚያደርስ ማሰብ አይከብድም።

ስለዚህ ባለ 17ቷን መኪና ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ቸርኬውንም ወደ 16 ማውረድ ነው። 205/50አር16 ቢታሰር የጎኑ ቁመት 102 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ከንፈሩ ሲቀነስ 85 ይቀራል። ከ71 ወደ 85 ማለት የሚተጣጠፈው ላስቲክ በ20 በመቶ ገደማ አደገ ማለት ነው። የጎማው ሙሉ ዲያሜትር ከ607 ወደ 611 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ የፍጥነት መቁጠሪያው ንባብ ከ1 በመቶ በታች ነው የሚዛባው፤ ማርሹም አይከብድም። 195/50አር16 ከተገኘም ጥሩ ነው፤ ዲያሜትሩ 601 ነው፣ በ1 በመቶ ያንሳል። ከዚህ የሚርቅ ግን አልመክርም። ለምሳሌ 195/55አር16 ወደ 621 ስለሚደርስ መኪናዋን ያከብዳታል፤ መሪ እስከ ጥግ ሲዞርም የጭቃ መከላከያውን መንካት ሊጀምር ይችላል።

16 ቸርኬ ሲገዛ ግን ዓይንን ገልጦ ነው። ስዊፍት ስፖርት 5 ቡሎን ናት፤ በቡሎኖቹ መካከል ያለው የክብ ዲያሜትር 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የመሀሉ ቀዳዳ 60.1 ነው። ተራዋ ስዊፍት ብዙ ጊዜ 4 ቡሎን ስለሆነች ቸርኬዋ አይሆንም። በቸርኬው ጀርባ የተቀረጸውን የኦፍሴት ቁጥርም (ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚገጥምበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሀል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚናገረውን) ማንበብ ያስፈልጋል፦ 50 ተብሎ በተሠራ ቸርኬ ምትክ 35 የተጻፈበት ቢታሰር ጎማው 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሪው ይከብዳል፣ ሰው ሲጫን ከኋላ ይፈገፈጋል። የፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ስለሚለያይ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ቸርኬ ያለ ጎማ ከፊት አስሮ በእጅ ማዞር ነው። በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ይቅር።

እዚህ ላይ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የሱዙኪ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ነው። የቶዮታም 12 ነው፤ ርቀቱ ግን 1.5 ነው። አገሩ የቶዮታ ስለሆነ ከየጎሚስታው ጣሳ የሚወጣው ዳዶ (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ብረት) አብዛኛው የቶዮታ ነው። አንድ ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ በቁልፍ ሲገፋ የገባ ይመስላል። በእውነቱ ግን ሁለቱንም ጥርስ እየበላ ነው፤ በኋላ ወይ አይፈታም ወይ በራሱ ይላላል። ዳዶ ቢያንስ 5 ወይም 6 ዙር በጣት ብቻ ካልገባ የዚያች መኪና አይደለም።

(ጎማ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ቡሎን፣ ፒያሳ፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያስረከበው እዚሁ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹ ሄዱ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን ከእኛው ጋር ቀረ። ጎሚስታ ደጅ በቆምኩ ቁጥር ይህን አስበዋለሁ።)

ወደ ላስቲኩ ዓይነት ስንመጣ ከፍታው ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ባለ 136 ፈረስ ጉልበቷ ስዊፍት ስፖርት እዚህ የ110 ያህል ብትሆን አይገርምም። ክብደቷ ግን አልቀነሰም። ቁልቁለቱም አልቀነሰም። ሞተሩ ጎማውን በማስፈተለክ የሚያደክምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጎማው እውነተኛ ሥራውን የሚሠራው ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ከጎሃ ኮረብታ ሲወርዱ፣ ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ሲወርዱ፣ ወይም ባጃጅ በድንገት ሲታጠፍ። እናም መፈለግ ያለበት በእርጥብ መንገድ ላይ የሚያቆም ጎማ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ከመታጠፊያ በፍጥነት የሚያስወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የሚናገሩት በጎኑ ላይ ያሉት ጽሑፎች ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ጎማ ላይ «ትራክሽን» የሚል ቃል ተከትሎ ድርብ ኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይጻፋል፤ የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ኃይሉ ነው። ከኤ በታች ለዚህች መኪና አልገዛም። «ትሬድዌር» የሚለው ቁጥር ዕድሜውን ያመላክታል፦ 200 የሆነ ለስላሳ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ለውድድር የቀረበ ነው፤ 500 የሆነ ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ግን መንገድ የመያዝ አቅሙ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ብራንድ 300 ከሌላው 300 ጋር እኩል አድርጎ መውሰድ አይገባም። ለጎንደር ከ280 እስከ 400 ያለው ይመቸኛል። 200ው በኮብልስቶን ላይ እንደ ሳሙና ያልቃል፤ ገና ሳይሞቅም ጥቅሙን አይሰጥም፤ በከተማ መንገድ ደግሞ የሚሞቅበት ጊዜ የለም።

የብራንድ ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። ብሪጅስቶን ፖቴንዛም ይሠራል ኢኮፒያም ይሠራል፤ ዮኮሃማ አድቫንም ይሠራል ብሉኧርዝም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ መንገድ ለመያዝ፣ ሁለተኛዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ የታሰቡ ናቸው። «ብሪጅስቶን አለ?» ብሎ መጠየቅ «እህል አለ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ ጤፍ ይሁን ማሽላ አይታወቅም።

ያገለገለ ጎማ ከውጭ መጥቶ ሲሸጥ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ካለ ይቅርባችሁ። ብዙ ጊዜ የበረዶ ጎማ ነው። ጥርሱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቅ ስላለው በሞቃት አስፋልት ላይ ይልፈሰፈሳል፣ መሪው ይደነዝዛል፣ ወደ መተማ ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ፈጥኖ ይበላል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ውስጡንም በእጁ ይዳስስ። ውስጠኛው ጎን ተፈግፍጎ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ካለው፣ ያለ በቂ ነፋስ ተነድቶበታል ማለት ነው፤ ውጩ አዲስ ቢመስልም ክሩ ተጎድቷል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደልም ትርጉም አለው። 81 ማለት አንድ ጎማ እስከ 462 ኪሎ ይሸከማል፤ 84 ማለት 500፣ 87 ማለት 545። ፊደሉ ፍጥነት ነው፦ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እዚህ አገር 240 የሚነዳ የለም፤ ቢሆንም ቪ የተጻፈበት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትንና መታጠፍን በተሻለ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከኤች እመርጠዋለሁ። ከጭነት ቁጥሩ ግን በፍጹም መውረድ አይገባም፤ ለዘመድ ጥየቃ 5 ሰው ጭኖ፣ ከኋላ ጤፍ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነውና።

ስለ ዕድሜ ሲወራ ጎንደር ላይም ሆነ አዲስ አበባ ሰውን የሚያሳስት ነገር ቢኖር የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በጎማው ጎን «ዲኦቲ» ከሚለው መስመር መጨረሻ 4 አሃዞች አሉ፦ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት፤ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። 1817 የሚል ጎማ የተሠራው በፈረንጆች 2017 በ18ኛው ሳምንት፣ በእኛ ሚያዝያ 2009 ነው። ሻጩ «የ17 ነው» ሲል ቃሉ ልክ ነው፤ ገዢው ግን በራሱ ዘመን 2017 መስሎት ካሰበው በ8 ዓመት ያህል የሚበልጥ ላስቲክ በአዲስ ዋጋ ይገዛል። ቀኑ በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ጎማውን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ከተሠራ 2 ዓመት ካለፈው ዋጋ መቀነስ አለበት፤ ከ4 ዓመት በላይ ከሆነ አልወስደውም። ሱቅ ደጅ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ከሆነ ደግሞ ከቀኑም በላይ አርጅቷል፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ላስቲክን ታደርቃለች። በጥርሶቹ ግርጌ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈለግ።

መቼ ይቀየር? ሕጉ በብዙ አገር 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይላል፤ በጥርሶቹ መሀል ያሉት ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ እዚያ ተደርሷል። ለጎንደር ክረምት ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ጥርስ ካነሰ ውሃውን ከጎማው ሥር ማውጣት አይቻልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሐምሌ ሳይሆን የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ የበጋው አቧራ፣ የፈሰሰ ዘይትና ናፍጣ ከውሃ ጋር ሲደባለቅ በዝናብ ያልታጠበው አስፋልት እንደ ተልባ ይሆናል። በመኪና ብዛት የተወለወለው ኮብልስቶንማ አይነሳ። ስለዚህ ጎማ የሚገዛው በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ነው።

አራቱንም መግዛት ካልተቻለ ሁለቱ አዲሶች ወዴት ይታሰሩ? የጎንደርን ዳገት የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ከፊት» ይላል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚፈተለከው የፊቱ ነውና። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ፊቱ ዳገት ላይ ቢፈተለክ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ጋዝ ለቅቆ እንደገና መሞከር ይቻላል። ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ ወይም ጋዝ ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፤ ያለቀው ጎማ ኋላ ከሆነ መኪናዋ በጭራዋ ትዞራለች። እንደ ስዊፍት ስፖርት ያሉ አጭርና ቀላል መኪኖች ደግሞ ከተፈጥሯቸው ኋላቸው ንቁ ነው። አዲሱ ወደ ኋላ ይሂድ። ከዚያ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ፊትና ኋላውን ማለዋወጥ ነው፤ እንዲህ ከተደረገ አራቱም አብረው ያልቃሉ፣ ይህ ጥያቄም አይነሳም። ቀስት የተሳለበት ጎማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር ከግራ ወደ ቀኝ አይሻገርም። «አውትሳይድ» የተጻፈበት ጎን ወደ ውጭ ይሁን፤ ተገልብጦ የታሰረ ብዙ አይቻለሁ።

ሲታሰር በማሽን ይሁን። ስስ ጎማ በብረት ዘንግና በመዶሻ ሲወጣ የጎማው ከንፈር ይላጣል፣ የአሉሚኒየም ቸርኬም ይጎዳል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ነፋስ ማስሞላት ነው። የሳሙና ውሃ እንጂ የሞተር ዘይት አይቀባ። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ሲነፋ ከ40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ማለፍ የለበትም፤ ካልተቀመጠ ነፋሱን አውጥቶ እንደገና ሳሙና መቀባት እንጂ ነፋስ መጨመር አይደለም። ቫልቩ አብሮ ይቀየር። ባላንስ ይሠራ። አላይመንት ከመሠራቱ በፊት ቴስቲኒና ቦኮላ (የመሪውና የእግሩ መገጣጠሚያዎች) ይታይ፤ ልል ቴስቲኒ ላይ የተሠራ አላይመንት ጋራዡን ሳይለቅ ይዛባል። አሮጌውን ጎማ ከመጣል በፊት ጥርሱን ማንበብም ጠቃሚ ነው፦ ሁለቱ ዳር ካለቀ ነፋስ አንሷል፤ መሀሉ ካለቀ በዝቷል፤ አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንት ነው፤ እዚህም እዚያም የተጎደጎደ ከሆነ አሞርዛተር ነው። ምክንያቱ ሳይጠገን አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የነፋሱ ልክ በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ነው። ኮብልስቶኑ ስላንገጫገጨ ነፋስ መቀነስ ከስህተት ሁሉ የከፋ ነው፤ ምቾቱ የሚገኘው በቸርኬና በድንጋይ መካከል ያለችውን ያችኑ ቦታ ሰውቶ ነው። ረጅም መንገድ ሲታሰብስ? ጎንደር ላይ በ32 የተሞላ ጎማ 700 ሜትር ገደማ ወዳለው መተማ ሲወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ ላይ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ቆላው ግን ሞቃት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 1 ተኩል ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ፣ ስለዚህ መንካት አያስፈልግም። እዚያ ቀትር ላይ ጎማው ሞቆ ሳለ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ግን ማታ ሲቀዘቅዝ ባዶ ጎማ ይዞ መመለስ ነው።

ምስማር ከወጋው በጥርሱ መሀል ያለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ ቀዳዳ ጎማው ተፈትቶ ከውስጥ ይጠገናል። ጎኑ አይጠገንም። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ከትቶ መንዳት እንደ መፍትሔ ሲሰጥ እሰማለሁ፤ በስስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪው ይፈገፈጋል፣ ይሞቃል፣ በአንዴም ይፈነዳል። ስኮርት ጎማ ሳይኖራት በማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ የመጣች መኪና ካለች፣ ፈሳሹ ድንጋይ የቀደደውን ጎን አይዘጋምና ዲያሜትሩ የሚመሳሰል ስኮርት ከነክሪኩ ይገዛላት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ያሉት ፈጣን ትንንሽ መኪኖች እዚሁ ነው የሚያረጁት፤ ተተኪ ቸርኬም እየጠፋ ይሄዳል።

አዲስ ጎማ የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ይነዳ፤ ከፋብሪካው ሻጋታ የቀረበት ቅባት እስኪለቅ ያንሸራትታል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ከዚያ በየ15 ቀኑ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ እጅን ወደ ጎማው ውስጠኛ ጎን ማስገባትና ዙሪያውን መዳሰስ ነው። የሚታየው የውጩ ጎን ብቻ ነው፤ የኮብልስቶኑ ጠርዝ ግን ውስጠኛውንም እኩል ይመታል። እባጭ ከተገኘ ጎማው በዚያው ቀን ይወርዳል።